በሩን ያጣመመው አናጺው አይደለም

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምትና ኅዳር ሲገባ በአዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ አንድ ድምፅ ይሰማል። ሌሊት ሁሉም ነገር ጭር ሲል፣ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ የተሠራው በር ወይም ቁም ሳጥን በድንገት "ቷ!" ይላል። ሕፃናት ይባንናሉ፣ እናቶች ያማትባሉ። ጠዋት ሲታይ በጣውላዎቹ መሐል ትናንት ያልነበረ፣ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ተከፍቷል፤ በሩም ከታች ሲገጥም ከላይ አልገጥም ብሏል። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ለአናጺው ይደወላል። መጀመሪያ አያነሳም። ሲያነሳ "የእንጨቱ ጠባይ ነው እንጂ ሥራው እንከን የለውም" ይላል። ባለቤቱ "ድሮም እናንተ…" ብሎ ይጀምራል፣ ነገሩ በስድብ ያልቃል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ለእውነት የቀረበው ብዙውን ጊዜ አናጺው ነው። ጥፋት የለበትም ማለት አይቻልም፤ እንጨቱ እርጥብ መሆኑን እያወቀ ቀብድ ተቀብሎ መሥራቱ ጥፋት ነው። በሩን ያጣመመው ግን ከእንጨቱ ውስጥ የወጣው ውሃ ነው። ያንን ውሃ ደግሞ ሻጩም፣ ሠሪውም፣ አሠሪውም ተስማምተው ነው ወደ ቤት ያስገቡት። "በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል" የሚለው ተረት አናጺ ቤት ሲደርስ ይገለበጣል፤ እዚያ በእርጥቡ አበሳ የሚነደው አናጺው ነው።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። አዲስ የተቆረጠ ግንድ ውስጥ ያለው ውሃ አንዳንድ ጊዜ የደረቁን እንጨት ክብደት ያህላል፣ ይበልጣልም። ይህ ውሃ ሁለት ቦታ ተቀምጧል። አንደኛው በእንጨቱ ጥቃቅን ቱቦዎች ውስጥ ልቅ ሆኖ የሚገኘው ነው፤ ሁለተኛው የቱቦዎቹ ግድግዳ ራሱ የመጠጠው ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ልቁ ውሃ ነው። እሱ ሲወጣ ጣውላው ይቀላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። እርጥበቱ ከደረቁ እንጨት ክብደት ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ግን ግድግዳዎቹ መድረቅ ይጀምራሉ፤ እንጨቱም መኮማተር የሚጀምረው ያኔ ነው። መርካቶ አጠና ተራ ላይ ሻጩ ጣውላውን በመዳፉ እየመታ "ይኸው ደርቋል" ሲል ብዙ ጊዜ አይዋሽም። ላዩ ደርቋል። ልቁ ውሃም ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ጣጣው ያለው ገና ባልተጀመረው ክፍል ላይ ነው።

እንጨት ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። በጥብቅ የታሰረ የሰንበሌጥ ነዶ ቢታሰብ ነገሩ ግልጽ ይሆናል፤ ነዶው ሲደርቅ ይሳሳል እንጂ አያጥርም። ጣውላም በቁመቱ ከቁጥር የሚገባ ነገር አያጣም። በስፋቱ ግን ያጣል። የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚያጣው ደግሞ ከግንዱ መሐል ወደ ልጡ ባለው አቅጣጫ ከሚያጣው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ጣውላ እንደ ቦይ የሚጎብጠው በዚህ ልዩነት የተነሳ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ 5 በመቶ ቢኮማተር አንድ ሳንቲ ሜትር ይጎድልበታል። እንዲህ ያሉ አራት ጣውላዎች ጎን ለጎን የተገጠሙበት በር በጠቅላላው አራት ሳንቲ ሜትር ሊሸሽ ነው ማለት ነው። ይህን ኃይል ኮላም ሚስማርም አይገታውም፤ ከገታውም እንጨቱ ራሱ መሐሉን ይሰነጠቃል። የሌሊቱ ድምፅ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ አናጺ ሙያውን የወረሰው ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ነው። ዋንዛ ገር እንጨት ነው። ሲደርቅ ብዙ አይኮማተርም፣ አይጠማዘዝም፣ ለመሮና ለመላጊያ ይታዘዛል። የጅማ ባለሙያዎች ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ያለ ምንም መጋጠሚያ ከአንድ ወጥ ግንድ ጠርበው የሚያወጡት ከዚሁ ከዋንዛ ነው። ላሊበላ አቅራቢያ በዋሻ ውስጥ ያለው፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው፤ እስከ ዛሬ ቆሟል። እንዲህ ያለ እንጨት የለመደ እጅ ብዙ ነገር ይቅር ይባልለታል።

ዛሬ ከተማ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ግን ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ የገባ ባለውለታ ነው፤ ማገዶ አጥታ ልትበተን የነበረችውን መዲና ያጸናው እሱ ነው። ለቤት ዕቃ ሲሆን ግን ባለጌ እንጨት ነው። ሲደርቅ ከዋንዛ ይልቅ እጅግ ብዙ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ቸኩለው ሲያደርቁት ውስጡ ድረስ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ገበሬው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአጠና ስለሚሸጠው ለጣውላ የሚሆን ዕድሜ ላይ የሚደርሰው ጥቂት ነው። የለጋ ዛፍ እንጨት ደግሞ ከበሰለው የባሰ እምቢተኛ ነው። በአጭሩ እንጨቱ ተለወጠ፤ አሠራሩ የዋንዛ እንደሆነ ቀረ።

መፍትሔው ወደ ዋንዛ መመለስ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። አሁንም "የዋንዛ በር አለኝ" ማለት በአዲስ አበባ የክብር ወሬ ነው። ይሁንና በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። አራቱም ዛፎች እያለቁ ነበር። ለአንድ ሳሎን በር ሲባል በሌሊት የተጫነ ግንድ መግዛት ከሕግም ከህሊናም ያጣላል። በገበሬ ማሳ ላይ በቅሎ በፈቃድ የተቆረጠ ዋንዛ ሲገኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለበር ከማዋል ይልቅ ለጠረጴዛ ላይኛው ገጽ፣ ለመሳቢያ ፊት፣ በየቀኑ እጅ ለሚነካው ቦታ መቆጠብ ይሻላል።

የገንዘቡ ጉዳይም ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ኤምዲኤፍ፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ ቫርኒሽ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ተከትሎ ወጥቷል። ቀድሞ "የቱርክ በር" የሚያማርጠው ቤተሰብ አሁን ወደ ሰፈሩ አናጺ ተመልሷል። ይህ መልካም ዜና ሊሆን ይገባው ነበር። ችግሩ አመላለሱ በጥድፊያ መሆኑ ላይ ነው። የኮንዶሚኒየም ቁልፍ የተረከበ ሰው የቤት ኪራይ እየቆጠረ "በሁለት ሳምንት ጨርስልኝ" ይላል። ሠርግ የደረሰበት ደግሞ በአንድ ሳምንት ይላል። ትናንት የተሰነጠቀ ግንድ በሁለት ሳምንት ውስጥ በር ሆኖ ይገጠማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስለዚህ ቤቱን በእጁ ማሳመር የሚፈልግ ሰውም፣ ለአናጺ የሚሰጠውም የሚጀምሩበት ቦታ አንድ ነው፤ ከመጋዝ በፊት ሚዛን። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ከጣውላው ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብሎ (ጫፉ ሁልጊዜ ከመሐሉ ይልቅ ደረቅ ስለሆነ ያታልላል) ትንሽ ቁራጭ ይወሰድና ይመዘናል። ከዚያ ከመቶ ዲግሪ ጥቂት ባለፈ የኦቨን ሙቀት፣ እንዳይከስል እየተጠበቀ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይደርቃል። መጀመሪያ 150 ግራም የነበረው ቁራጭ 120 ግራም ላይ ከቆመ 30 ግራም ውሃ ነበረው ማለት ነው፤ 30 ለ120 ሲካፈል 25 በመቶ። በ25 በመቶ እርጥበት በር መሥራት ገንዘብ መበተን ነው። አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ ከ10 እስከ 12 በመቶ ጥሩ ነው፤ ከ15 በላይ ያለውን ለአጥርና ለዶሮ ቤት መተው ይቻላል። ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ የሚሸጥ ካገኘም ይግዛ። ሚዛኑ ግን አይዋሽም።

እርጥቡን ገዝቶ ራስ ማድረቅም ይቻላል፤ ትዕግሥት ላለው ሰው ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ነው። ጣውላው የሚገዛው ዝናቡ እንዳበቃ፣ ጥቅምት ላይ ነው። ቤት እንደገባ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ጫፎቹ የተረፈ ቀለም ወይም የቀለጠ ሻማ ይቀባሉ። ውሃ በጫፍ በኩል ከጎን ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚወጣ ያልተቀባ ጫፍ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ወደ ውስጥ ይጓዛል። ከዚያ ጣውላዎቹ ከወለል ከፍ ብለው ይደረደራሉ። በየመሐላቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ደረቅ ቁራጮች በየ40 ወይም በየ50 ሳንቲ ሜትር ይገባሉ። እነዚህ ቁራጮች ከታች እስከ ላይ አንዱ በሌላው ትይዩ ካልሆኑ ጣውላው በመሐላቸው ተንጋዶ ይደርቃል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ብሎኬት ወይም ሌላ ከባድ ነገር ይጫንበታል። ቦታው ነፋስ የሚያገኘው ጥላ መሆን አለበት። ፀሐይ የሚመታው በረንዳ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ላዩን አድርቆ ውስጡን እርጥብ ይተወዋል። የኮንዶሚኒየም ኮሪደር ለዚህ ይመቻል፣ ሆኖም የጋራ ነው፤ አምስት ጣውላ የስንት ዓመት ጉርብትና ሊያሻክር ይችላል።

ስንት ጊዜ ይቆይ? የቆየው የአናጺዎች ልምድ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይላል። የፈረንጅ ጽድ በአዲስ አበባ በጋ ከዚያ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል፤ ባሕር ዛፍ ግን ይዘገያል፣ ቢያስቸኩሉትም ይበቀላል። ዋናው ቀን መቁጠሩ አይደለም። አንዱን ጣውላ ምልክት አድርጎ በየሁለት ሳምንቱ መመዘንና ክብደቱን በእርሳስ እዚያው ላይ መጻፍ ነው። ሦስት ጊዜ ተመዝኖ ካልተለወጠ ከአየሩ ጋር ታርቋል።

የደረቀ እንጨትም ቢሆን መተንፈሱን አያቆምም። ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰበሰባል። ጥሩ አሠራር ማለት ለዚህ ትንፋሽ ቦታ መተው ነው። ሰፊ ገጽ የሚሠራው ከአንድ ሰፊ ጣውላ ሳይሆን ከስድስት ወይም ከስምንት ሳንቲ ሜትር ቁራጮች ተጋጥሞ ነው። የበር መሐል ሰሌዳ በፍሬሙ ቦይ ውስጥ ልቅ ሆኖ ይገባል፤ ኮላ አይነካውም፣ ሚስማርም አይመታበትም። አሮጌዎቹ የፒያሳ በሮች ሲፈቱ መሐሉ እንደ መሳቢያ የሚንሸራተተው ለዚህ ነው፤ "ላላ" ብሎ በሚስማር የሚያስመታው የዘመኑ ባለቤት ሰነጠቀው ማለት ነው። የጠረጴዛ ገጽ ከእግሩ ጋር በቪቴ ሲያያዝ የቪቴው ቀዳዳ ወደ ጎን ሞላላ ይሁን። በበጋ የሚገጠም በር በዙሪያው ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይተውለት፤ አለዚያ ሐምሌ ላይ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም።

ኮላን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ነጩ ኮላ የሚይዘው ውሃው ወደ እንጨቱ ሲገባና ሲደርቅ ነው፤ እርጥብ እንጨት ላይ የሚገባበት የለውም። በደረቅ እንጨት ላይ ግን በደንብ ተጨምቆ ካደረ ከእንጨቱ ራሱ ይጠነክራል። መጨመቂያ የሌለው ሰው በገመድ አስሮ፣ ገመዱ ውስጥ ቁራጭ እንጨት አስገብቶ ማጠምዘዝ ይችላል፤ አልጋ ጠፍር የወጠረ ሁሉ ያውቀዋል።

ጀማሪ የመጀመሪያ ሥራው መደርደሪያ ቢሆን ይመከራል፤ በርና አልጋ ይቆዩ። መደርደሪያ ቀላል መስሎ ብዙ ያስተምራል። መጽሐፍ የሞላበት አንድ ሜትር ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። 18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ከ60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለ ድጋፍ ከተዘረጋ ዛሬ ባይጎብጥ በዓመቱ ይጎብጣል። ውፍረቱን እጥፍ ማድረግ ጥንካሬውን ስምንት እጥፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከፊት ጠርዙ ሥር አራት ሳንቲ ሜትር ሞራሌ በቁሙ መለጠፍ ሌላ ቺፕውድ ከመግዛት ይረክሳል። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ስኳድራ ባይኖር ከአንዱ ጎን 60፣ ከሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ በመሐላቸው ያለው ሰያፍ 100 ሊሆን ይገባል። ሣጥኑ ከተገጣጠመ በኋላ ደግሞ ሁለቱ ሰያፎች እኩል መሆን አለባቸው። በእነዚህ ሁለት ልኬቶች ብቻ የሰፈር ዕቃዎች ግማሹ መንጋደድ ይድናል።

ቺፕውድን ብዙዎች ይንቁታል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የአጠቃቀም ነው። ውሃ የሚገባው በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ነው። የማድ ቤት ካቢኔት ወለል ላይ ቀጥታ ተቀምጦ በየቀኑ በጨርቅ ውሃ ሲወለወልበት በዓመቱ እንደ ዳቦ ይነፋል። አሥር ሳንቲ ሜትር እግር ማድረግና ማንም የማያየውን የታችኛውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ማጠጣት ዕድሜውን ያረዝመዋል። አዲስ ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ከሙጫው ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጋዝ ይለቃሉ። ጋዙ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ የተመደበ ነው። አዲስ ቁም ሳጥን የገባበትን የሕፃናት መኝታ ቤት ለተወሰኑ ሳምንታት መስኮቱን ከፍቶ ማናፈስ የቅንጦት ምክር አይደለም።

ከዚያ ግድግዳው አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመሩት ኮንዶሚኒየሞች ግድግዳ በአብዛኛው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። ፊሸር ገብቶ የሚይዘው ጠጣር ነገር ይፈልጋል፤ ባዶው ውስጥ ከገባ የያዘ መስሎ ይቆይና አንድ ቀን ከነሰሃኑ ይወርዳል። ከመሰርሰር በፊት በመዶሻ እጀታ ማንኳኳት ይገባል፤ የደነደነው ድምፅ ኮለን ወይም ቢም ነው፣ የሚያስተጋባው ባዶ ነው። ከባድ ነገር ግድግዳ ላይ ከመስቀል ይልቅ እግሩን ወለል ላይ አሳርፎ ግድግዳው እንዳይወድቅ ብቻ ቢይዘው ይሻላል። ይህ መያዣ ግን በምንም አይቀርም። ሕፃን መሳቢያዎቹን እንደ ደረጃ ሲወጣባቸው ቁም ሳጥን ይገለበጣል፤ ለአንድ ቪቴና ለአንድ ማዕዘን ብረት ሲባል። በማብሪያ ማጥፊያና በሶኬት ትይዩ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ ጎንም መሰርሰርም አይገባም፤ ሽቦው የሚያልፈው በዚያ ነው፣ 220 ቮልትም ለጀማሪ አይራራም።

ከሁሉም በላይ ቁጣ የሚገባው ጉዳይ ግራይንደር ነው። ለብረት የተሠራው ግራይንደር የእንጨት መጋዝ ዲስክ ተገጥሞለት፣ መከለያው ወልቆ፣ በየሰፈሩ ጣውላ ሲቆርጥ ይታያል። ይህ መሣሪያ በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ የሚሽከረከር ነው። ባለ ጥርሱ ዲስክ አንጓ ሲያገኝ ይነክሳል፤ ከነከሰ ወደ ያዘው ሰው ይዘላል። ጣቱን፣ ከዚያም የባሰ ያጣ አናጺ የማያውቅ ሰፈር የለም። ወጣት ረዳቶች ይህን የሚይዙት ምርጫ ኖሯቸው አይደለም፤ አሠሪው ፈጥነው እንዲጨርሱ ስለሚፈልግ ነው። በቤቱ የሚሠራ ሰው ግን ምርጫ አለው። ጥሩ የእጅ መጋዝ፣ መላጊያ፣ ሁለት መሮ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክና ድሪል ለዓመታት ሥራ ይበቃሉ። ነጠላና ሰፊ እጅጌ ከሚሽከረከር ነገር ይራቅ። የእንጨት ብናኝ ራሱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ የመዘገበው ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትግ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። በተልባ ዘይት የሚወለውል ሰውም ያንን ጨርቅ ጨምድዶ ጥግ አይጣለው። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግቶ ውጭ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ነው።

"ይህ ሁሉ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ባለ ዲግሪው ሰው ቢሮው ይቀመጥ" የሚል መልስ ይጠበቃል። ይህ መልስ ዕድሜው ረጅም ነው። ጠይብ፣ ፋቂ፣ ቀጥቃጭ የሚሉት የሙያ ስሞች እንደ ስድብ ሲወረወሩ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ቢያለዝብም ንቀቱን አልነቀለም፤ ዛሬም ቤተሰብ ቴክኒክና ሙያ የገባ ልጁን "ውጤት አልመጣለትም" ብሎ ነው የሚያስተዋውቀው። እንጨት ይዞ የማያውቅ አሠሪ ምን እንደሚጠይቅ አያውቅም፣ በሁለት ሳምንት በር ይጠይቃል፣ ሲጣመም ይሳደባል። አንድ መደርደሪያ በእጁ የሠራ ሰው ግን አናጺ ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው "መቼ ነው የተቆረጠው?" ይሆናል። ለባለሙያው ከዚህ የተሻለ ደንበኛ የለም።

መንግሥትም ከዚህ የሚያመልጥበት በር የለውም። አረንጓዴ አሻራ ሲጀመር ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። (ብሩ በገበያ እንዲተመን የተወሰነውም በአምስት ዓመቱ በዚያው ቀን መሆኑ አጋጣሚ ነው።) ችግኝ መቁጠር ተለምዷል። ከእነዚያ ውስጥ የትኞቹ ዋንዛ ሆነው ለልጅ ልጅ ጣውላ እንደሚደርሱ፣ ማን ተንከባክቦ ዕድሜያቸውን እንደሚያስረዝም፣ ገበሬው በአምስተኛው ዓመት ለአጠና ከመሸጥ ይልቅ እስኪበስል ቢጠብቅ ምን እንደሚያገኝ ግን ውይይቱ ላይ የለም። ጤፍ ሻጭ በኪሎ ሲሸውድ የሚቆጣጠር አካል አለ፤ ጣውላ ሻጭ ሩብ ክብደቱ ውሃ የሆነ ዕቃ ሲሸጥ ማንም አይጠይቀውም። በየክፍለ ከተማው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ግቢ አንድ ማድረቂያ ክፍል ቢሠራ፣ አናጺዎችም በኪራይ ቢጠቀሙበት ሰማይ የሚያናውጥ በጀት አይጠይቅም።

እስከዚያው ግን ውል አለ። የቀብድ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ዋጋና ቀን ብቻ ነው። እዚያው ላይ የእንጨቱ ዓይነት፣ በሥራው መጀመሪያ ቀን በሁለቱ ፊት ተለክቶ ከ15 በመቶ የማይበልጥ እርጥበት፣ በመጀመሪያው በጋ ቢጣመም ማን እንደሚያስተካክል ሦስት መስመር ሊጨመር ይችላል። ከክፍያው ጥቂት እጅ እስከ ታኅሣሥ ቢቆይ አናጺው አይከፋም፤ ቀሪውን በጊዜው ካገኘ። በምላሹ አሠሪውም ግዴታ ይገባል። ባለ አነስተኛ ወርክሾፕ ጣውላ ገዝቶ ስድስት ወር የሚያስቀምጥበት ገንዘብ የለውም፤ እርጥቡን የሚሠራውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንጨቱ በኅዳር ተገዝቶ በሚያዝያ የሚሠራ ከሆነ የእንጨቱን ዋጋ በኅዳር መክፈል ያለበት አሠሪው ነው።